የወባ መድኃኒቶች ለሌሎች በሽታዎች ሕክምና

ለአንድ በሽታ የተሠራን መድኃኒት ለሌላ በሽታ ማዋል በሕክምና የቆየ ልማድ ነው፤ የመድኃኒቱ መጠንና ጎጂ ጎን ቀድሞ ስለሚታወቅ የምርምሩ ጉዞ ያጥራል። የወባ መድኃኒቶች በዚህ ረገድ ረጅም ታሪክ አላቸው።

ጎንደር ወባን በቅርብ የምታውቅ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጅቷል፤ በቀጣዩ ዓመት በከተማዋ የተከፈተውና ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ያሠለጥን የነበረው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ክሎሮኪን በአገራችን ለቫይቫክስ ወባ እስከ ዛሬ ይሰጣል፤ ፋልሲፓረም የተባለው ዝርያ ግን ስለተላመደው፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለዚህ ዝርያ አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ይሰጣል።

ሌላው አገልግሎት የታየው በአጋጣሚ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወባን ለመከላከል ኪናክሪን ይወስዱ ከነበሩ ወታደሮች መካከል የቆዳ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም የነበረባቸው ሲሻላቸው ታየ፤ በ1951 መድኃኒቱ ለሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የገዛ አካልን ለሚያጠቃበት በሽታ፣ እንደሚጠቅም በሕክምና መጽሔት ተዘገበ። ከክሎሮኪን የተገኘውና ጉዳቱ የሚያንሰው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ዛሬ ለሉፐስ ዋነኛ መድኃኒት ነው፤ በመገጣጠሚያ ብግነት ሕክምናም ያገለግላል። እነዚህ መድኃኒቶች በሕዋስ ውስጥ ባሉ አሲዳማ ከረጢቶች እየተጠራቀሙ አሲዱን ያረግባሉ። በወባ ተሕዋሲ ውስጥ ከደም የሚወጣው መርዛማ ሄም ጉዳት ወደማያደርስ ቅንጣት እንዳይለወጥ ሲያግዱ፣ በሰው የመከላከያ ሕዋስ ውስጥ ደግሞ የገዛ አካልን የሚያጠቃውን የተሳሳተ ማንቂያ ያደክማሉ። አንዱ ባሕርይ ሁለት በሽታዎችን ማገልገሉ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ሆኖም ለዓመታት የሚወስድ ሕመምተኛ የዓይኑ ሬቲና ሊጎዳ ስለሚችል፣ የቀን መጠኑ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ5 ሚሊግራም እንዳይበልጥና ዓይኑ በየጊዜው እንዲመረመር ይመከራል።

ተስፋ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። በ2020 ሃይድሮክሲክሎሮኪን ኮቪድን ያድናል ተብሎ ዓለም ተሻማበት፤ ለሉፐስ ሕሙማን የሚያስፈልገው ክምችትም ተመናመነ። በብሪታንያ በተደረገው ትልቅ ሙከራ በ28 ቀናት ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት 27 በመቶ፣ ካልወሰዱት 25 በመቶ ሞቱ፤ ጥቅም አልተገኘም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመጋቢት የሰጠውን የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ በሰኔ አጋማሽ ሻረ።

እንደ አርቴሜተር ያሉት የአርቴሚሲኒን ዘር የወባ መድኃኒቶች በበኩላቸው የብልሃርዝያን ለጋ ትሎች እንደሚገድሉ ታውቋል፤ የብልሃርዝያ የተለመደ መድኃኒት የሆነው ፕራዚኳንቴል ደግሞ በይበልጥ የሚሠራው በጎለመሱት ላይ ነው። በጣና ዙሪያ ብልሃርዝያ ስላለ ነገሩ ለአካባቢው ይመለከተዋል። ሆኖም ወባ ባለበት አገር አርቴሚሲኒንን ለሌላ በሽታ በገፍ ማዋል ተሕዋሲው እንዲላመደው በር ሊከፍት ይችላልና፣ ጥንቃቄው የግድ ነው።

ከሌላ ሕመም ተወስዶ ለአካባቢው በሽታ የዋለ መድኃኒትም በጎንደር ይታወቃል። ከመተማና ከሁመራ ቆላ የእርሻ ሥራ በካላዛር (የአሸዋ ዝንብ በምታስተላልፈው ጥገኛ ተሕዋሲ የሚመጣ በሽታ) ታመው ለሚመጡ ሠራተኞች ከሚሰጡት መካከል፣ ሚልቴፎሲን መጀመሪያ ለካንሰር የታሰበ፣ አምፎተሪሲን ቢም የፈንገስ መድኃኒት ነበር። ኤች አይ ቪ ያለባቸው የካላዛር ሕሙማን ሁለቱን በአንድነት ሲወስዱ ያለው ውጤት በጎንደርና በአብደራፊ ተፈትሿል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ይህንኑ ጥምረት ለምሥራቅ አፍሪካ መክሯል።