ስለ ባዮቻር የሚባለውና እውነታው፦ ለጅማ አፈር

ቡና ሲፈለፈል ጅማ ዙሪያ በመፈልፈያ በር ያለፈ ሰው የገለፈቱን ክምር ያውቀዋል። ከጀንፈሉ፣ ማለትም ከነልባሱ ከደረቀው ቡና፣ ክብደት ግማሽ ያህሉ ገለፈት ነው። ይጨሳል፣ ይበሰብሳል፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ይህን ገለፈት አክስሎ ባዮቻር፣ ማለትም ለአፈር የሚሆን ከሰል፣ አድርጎ ወደ መሬት መመለስ ይቻላል። ሰው ስለዚህ ማውራት መጀመሩ በጣም ደስ ይለኛል። ግን አብሮ የሚወራው ሁሉ ልክ አይደለም።

«ባዮቻር አመድ ነው»

አይደለም። አመድ የሚቀረው እሳቱ አየር እንደልቡ አግኝቶ ሁሉንም ሲበላው ነው። ባዮቻር ግን አየር ተከልክሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ350 እስከ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ውስጥ ይከስላል። የቅርብ ዘመዱ ከሰል ነው። ልዩነቱ ከሰል ለምድጃ፣ ባዮቻር ለአፈር መሠራቱ ነው።

«ማዳበሪያ ነው፤ ከዩሪያ ተገላገልን»

ይሄኛው ያሳስበኛል፤ ያመነበት ገበሬ ምርት ያጣበታል። ገለፈቱ ሲከስል ናይትሮጂኑ በብዛት ይተናል፤ የቀረውንም ሥር በቀላሉ አያገኘውም። የቡና ገለፈት ባዮቻር ፖታሲየም አለው፣ እሱ እውነት ነው። ዋና ሥራው ግን ምግብ መሆን ሳይሆን ምግብ ማቆየት ነው፤ ዝናብ የሚያጥበውን ይዞ ለሥር ያቆያል። ባዶውን ከገባ መጀመሪያ የአፈሩን ምግብ ለራሱ ሊይዝ ይችላል። እኔም ጓሮዬ ጎመን ላይ ጥሬውን በትኜ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖብኝ ያውቃል። አሁን ከኮምፖስት ወይም ከከብት እበትና ሽንት ጋር ቀላቅዬ ጥቂት ሳምንት ሳላስቀምጥ አልጨምርም።

«ውሃ ስለሚይዝ የትኛውንም መሬት ከድርቅ ያድናል»

እዚህ ጋ ረጋ ብለን እንይ። ባዮቻር ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ውሃ እዚያ ይቀመጣል። አሸዋማ መሬት ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አሸዋ ውሃን ወዲያው ወደ ታች ያሳልፋልና። የእኛ ቀይ አፈር ግን ሸክላማ ነው። ውሃ መያዝ ድሮም ያውቅበታል፤ እንዲያውም አንዳንዱን አጥብቆ ስለሚይዘው ሥር ሊስበው አይችልም። ስለዚህ ጅማ ላይ «የውሃ መያዣ» ብሎ ብቻ ባዮቻር የጨመረ ሰው ልዩነቱ ትንሽ ሊሆንበት ይችላል።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ባዮቻር ቀላል ስለሆነ የተጠቀጠቀውን አፈር ያላላዋል። አየር ይገባል፣ ዝናቡም ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ በሚዘንብበት አገር፣ ተዳፋት ላይ ላለ ማሳ፣ ውሃው ላይ ላዩን አፈር ጠርጎ እንዳይሄድ ማገዙ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስና ደረቅ ባዮቻር መጀመሪያ ውሃን ሊገፋ ይችላል። ቀድሞ ማራስ ጥሩ ነው፤ ብናኙም አፍንጫና ሳንባ ውስጥ አይገባም።

ለእኔ የባዮቻር ትልቁ ጥቅም ለጅማ ሌላ ቦታ ነው፤ አሲድ ላይ። ለዘመናት የወረደው ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዥየሙን ከአፈሩ አጥቦታል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥርን ይጎዳል፤ ፎስፈረሱም ይታሰራል። ገበሬው ማዳበሪያ ከፍሎ ገዝቶ ሰብሉ የማያገኘው ለዚህ ነው። ከቡና ገለፈትና ከበቆሎ ቆረቆንዳ የተሠራ ባዮቻር በጅማ አካባቢ አሲዳማ አፈር ላይ ተሞክሮ የአፈሩን ፒኤች ከፍ አድርጓል።

«ስለዚህ ኖራ አያስፈልግም»

ኖራ የአፈርን አሲድ ለመቀነስ የሚጨመር ነው፤ በጣም አሲዳማ መሬት ላይ ያስፈልጋል። ባዮቻር ያግዘዋል እንጂ ሁልጊዜ አይተካውም። ማሳውን ማስመርመር ከግምት ይሻላል።

«በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ቡና ራሱ ትንሽ አሲድ ያለበት አፈር ይወዳል። የገለፈት ባዮቻር ደግሞ ጨውና ፖታሲየም ይበዛዋል፤ ከልክ ካለፈ ችግኝ ይጎዳል። ለጓሮ መደብ በካሬ ሜትር 1 ኪሎ ለመጀመር በቂ ነው፤ በሄክታር 10 ቶን ማለት ነው። ግማሹ መደብ ላይ ጨምሩ፣ ግማሹን ተዉት፣ አወዳድሩ።

«በየዓመቱ መድገም አለብን»

ኮምፖስት ቶሎ ይበሰብሳል፤ ባዮቻር ግን በአብዛኛው ለረጅም ዘመን አፈር ውስጥ ይቆያል። አማዞን ጫካ ውስጥ የጥንት ሰዎች ከሰልና ጥራጊ የቀላቀሉበት ጥቁር አፈር ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም ለም ነው።

«ማሽን ከሌለ አይሠራም»

ለቆረቆንዳ ጉድጓድ ይበቃል። ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ጉድጓድ ተቆፍሮ እሳቱ ይለኮሳል፤ ቆረቆንዳው ነጭ አመድ መልበስ ሲጀምር አዲስ ይደረብበታል። ነበልባሉ ከላይ ሆኖ አየሩን ስለሚጨርስ የታችኛው ሳይነድ ይከስላል። ጉድጓዱ ሲሞላ ውሃ ይደፋበታል። ገለፈት ግን ደቃቅ ስለሆነ ጉድጓድ ውስጥ ይታፈናል፣ ጭሱም ይከፋል። ለእሱ ክዳንና ጭስ መውጫ ያለው በርሜል ይሻላል። ለዚህ ሥራ ዛፍ መቁረጥ ግን በፍጹም አያስፈልግም፤ ገለፈቱ መፈልፈያው በር ላይ ተከምሯል።