የዕውቀት ጥሪት ምንድን ነው? ልጅ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ብልህነት እና የክፍል ትምህርት

የዕውቀት ጥሪት የሚባለው አንድ ቤተሰብ ኑሮውን ለመግፋት ሲል ያካበተው ዕውቀት፣ ሙያና ዘዴ ነው። ከአያት ወደ አባት፣ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ሰርተፊኬት የለውም፤ ፈተናም አይወጣበትም። መንዝ ላይ በግ ማርባት፣ ሱፍ ፈትሎ ባና መሥራት እዚህ ውስጥ ይገባል። ምንጃር ላይ ጤፍና ሽምብራ ማፈራረቅ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ማሾ መዝራት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ባጃጅ መጠገን፣ ሱቅ መጠበቅ፣ የዕቁብ ሒሳብ መያዝም እንዲሁ። ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ከዚህ ጥሪት የራሱን ድርሻ ይዞ ነው የሚገባው።

ሐሳቡ በዚህ ስም የታወቀው በአሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ በቱሳን ከተማ በተሠራ ጥናት ነው። የጥናቱ ትኩረት ከሜክሲኮ የመጡ ሠራተኛ ቤተሰቦች ነበሩ። ስለ እንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ልጆች ሲወራ ሁልጊዜ የሚቆጠረው የጎደላቸው ነገር ነው፤ ቤታቸው መጽሐፍ የለም፣ ወላጆቻቸው አልተማሩም፣ ቋንቋው ይከብዳቸዋል። የጥናቱ ሠሪዎች ሉዊስ ሞል፣ ካቲ አማንቲ፣ ዴቦራ ኔፍ እና ኖርማ ጎንዛሌዝ ነገሩን ከሌላ በኩል ጀመሩት። መምህራን ወደ ተማሪዎቻቸው ቤት ሄዱ፤ የሄዱትም ሊመክሩ ሳይሆን ሊማሩ ነበር። ያገኙትን በ1992 እ.ኤ.አ. ጽፈው አሳተሙ። በየቤቱ ስለ እርሻ፣ ስለ ግንባታ፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ባህል መድኃኒት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር።

ከዚያ ሥራ ውስጥ አንዱ ታሪክ ልቤን ይነካዋል። አንዲት መምህርት አንድ ተማሪዋ ከሜክሲኮ የመጣ ከረሜላ ለሰፈሩ ልጆች እንደሚሸጥ ቤቱ ሄዳ አወቀች። ይህን ይዛ ስለ ከረሜላ አንድ ሙሉ የትምህርት ክፍል አዘጋጀች። ተማሪዎቹ የአሜሪካንና የሜክሲኮን ከረሜላ አነጻጸሩ። የሜክሲኮው ከጥቂት ነገር ብቻ እንደሚሠራ፣ ሰው ሠራሽ ቀለምም እንደሌለው ሲያዩ ተገረሙ። አንዲት እናት ክፍል ድረስ መጥተው አሠራሩን አሳዩ። ሴትየዋ እያሳዩ በአገራቸውና በአሜሪካ ያለውን የምግብ ልዩነት ጭምር አስረዱ። የዚያን ቀን ክፍሉን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

እኛስ ጋ? ደብረ ሲና ላይ መኪና ሲቆም ቆሎ ይዘው ወደ መስኮቱ የሚሮጡትን ልጆች አስቡ። ተሳፋሪው ቸኩሏል፤ ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። አንድ ስፍር 15 ብር ነው እንበል። ሰውየው ሰባት ስፍር ይጠይቃል። ልጁ ወረቀት አያወጣም። «አሥሩ 150፤ ሦስቱ 45፤ ሲቀነስ 105» ይልና ከ200 ብር 95 ይመልሳል። ይህ ልጅ አሁን የሠራው በሒሳብ መጽሐፍ 15×(10−3) ተብሎ በቅንፍ የሚጻፈውን ነው። ክፍል ውስጥ ያንኑ ቅንፍ ሰሌዳ ላይ ሲያየው ግን አይለየው ይሆናል። ማንም አስተዋውቆት አያውቅማ።

ይህን በጥናት ያሳዩት በብራዚል የሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው። በ1985 እ.ኤ.አ. ቴሬዚንያ ካራሄር፣ ዴቪድ ካራሄር እና አናሉሲያ ሽሊማን ሬሲፌ በምትባል ከተማ ገበያ ላይ የሚሸጡ አምስት ልጆችን አጠኑ። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ነበር። መጀመሪያ እንደ ገዢ ሆነው ጠየቋቸው፤ ልጆቹ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። ቀጥሎ ያንኑ ስሌት እንደ ትምህርት ቤት ሒሳብ፣ ቁጥር ብቻ አድርገው ሰጧቸው። ውጤቱ ከመቶ ወደ 37 ወረደ። ስሌቱ በታሪክ መልክ ሲጠየቅ ደግሞ 74 ገደማ ሆነ። አንዱ ልጅ ገበያ ላይ በ35 ሒሳብ የአራት ኮኮናት ዋጋ ተጠይቆ «የሦስቱ 105፣ ሲጨመር 140» ብሎ መለሰ። ወረቀት ላይ 35×4 ሲሰጠው 200 ብሎ ጻፈ። ያው ልጅ ነው፤ ያው ቁጥር ነው። ገበያ ላይ ትርጉሙን ይዞ ያስባል። ወረቀት ላይ ግን በቅጡ ያልገባውን የ«በእጅ ይያዝ» ሕግ ለመከተል ሞከረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ነገሩን ያቀለዋል። «አዎ፣ የባላገር ልጅ በእጁ ጎበዝ ነው» ይላል። ምስጋና ይመስላል፤ ውስጡ ግን «በጭንቅላቱ አይደለም» የሚል አለበት። በዚህ በፍጹም አልስማማም። የመንዝ እረኛ በግ ሲያይ የሚሠራው ጭንቅላቱ ነው። ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ይናገራል። ወገቡን ዳብሶ፣ ላቱን አይቶ ለፋሲካ ይደርስ አይደርስ እንደሆነ ይገምታል። ይህ ግልገል ከየትኛው አውራ እንደተወለደ፣ እናቱ በየስንት ጊዜው እንደምትወልድ በቃሉ ይዟል። ይመለከታል፣ ያነጻጽራል፣ ይተነብያል፤ ሲሳሳት ያርማል። ሳይንስ ክፍል ውስጥ ከተማሪ የሚጠበቀው ከዚህ በምን ይለያል?

ተመራማሪዎችም ይህን አልናቁትም። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንዝ በገበሬው ላይ የተመሠረተ የበግ ማሻሻያ ሥራ ተጀምሯል። አውራ በጎች ሲመረጡ የገበሬው ዓይንና የተመዘገበ ክብደት አብረው ይታያሉ። ዓይን ብቻውን የሚያመልጠው ነገር አለ፤ መዝገብ ብቻውንም እንዲሁ። ታዲያ ስለ ዘር ውርስ ስናስተምር ውርስን በአተር ተክል ባጠናው በሜንዴል ሙከራ ብቻ ለምን እንቆማለን? ሜንዴል ይቅር አላልኩም። ግን ነጭ በግ ከጥቁር አውራ ተጠቅታ ምን ምን ቀለም እንደወለደች የሚያውቅ ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። መጀመሪያ እሱ ይናገር። ከዚያ የአተሩ ነገር ለእሱ መልስ ሆኖ ይመጣል፤ ጥያቄው አስቀድሞ የራሱ ነበርና።

ስለ በግና ስለ ገበያ ስናወራ የወንዶቹ ዕውቀት ብቻ እንዳይጎላ እፈራለሁ። ጓዳ ውስጥ ያለው ጥሪት ይበልጥ ጥልቅ ነው፤ ይበልጥም ተንቋል። ብቅልን እንውሰድ። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ይታፈናል፣ ድንጋይ ይጫነዋል። ሲያቆጠቁጥ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ ይፈጫል። እናቷን ስትረዳ ያደገች ልጅ ይህን ሁሉ ታውቃለች። መብቀሉ በቅቶት መሰጣት ያለበትን ሰዓትም በዓይንና በሽታ ትለያለች። ለምን መብቀል እንዳለበት ግን ማንም ነግሯት አያውቅ ይሆናል። ትምህርት ቤት እዚህ ጋ ነው የሚያስፈልጋት። ገብሱ ሲበቅል በውስጡ ኢንዛይሞች ይነቃሉ፤ ስታርቹን ወደ ስኳር ይሰብሩታል። እርሾው ስኳሩን ተመግቦ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጥንስሱ ላይ የሚፈላው አረፋ ያ ጋዝ ነው። የሊጥ መነፋትም ከዚሁ ነው። ልጅቷ ይህን ስትሰማ አዲስ ነገር የምትሸመድድ አይመስላትም፤ የምታውቀው ነገር ምክንያት አገኘ።

ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሰው ሌቭ ቪጎትስኪ ከ1934 እ.ኤ.አ. በፊት ይህን በደንብ አብራርተውታል። በኑሮ የሚገኝ ዕውቀት ከታች፣ ከሚዳሰሰው ነገር ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። የትምህርት ቤት ዕውቀት ከላይ፣ ከሕግና ከፍቺ ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱ ካልተገናኙ አንዱ ከመንደሩ አያልፍም፤ ሌላው ከደብተር አይወጣም። እኔ የዕውቀት ጥሪትን የምወደው ለዚህ ነው። ትምህርት ቤቱ ይቅርብን የሚል ሐሳብ አይደለም። ትምህርት ቤት መጻፍን፣ በምልክት ማሰብን፣ አይቶት የማያውቀውን አገር ነገር ማገናዘብን ያመጣል። ይህን ልጁ ቤት ውስጥ አያገኘውም።

የልጁ ፍላጎት ደግሞ ሌላ ነው። ጥሪቱ ከቤተሰብ ይወረሳል፤ ፍላጎቱን ልጁ ራሱ ይመርጣል። ኳስ፣ ሙዚቃ፣ ስልክ መፍታትና መግጠም፣ ሹሩባ፣ ሥዕል። ብዙ መምህር እነዚህን የትምህርት ጠላት አድርጎ ያያቸዋል። ኳስ ብቻ ልጥቀስ። የፕሪሚየር ሊግ ደረጃ ሰንጠረዥን የሚከታተል ልጅ «ሰባት የጎል ዕዳ አለባቸው» ይላል። ሦስት ለባዶ ቢያሸንፉ ዕዳው ወደ አራት እንደሚወርድ ወዲያው ይነግርሃል። ይኸው −7 ሲደመር 3 ማለት ነው። ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ለብዙ ተማሪ ምን ማለት እንደሆነ ግራ ያጋባል፤ ለዚህ ልጅ ግን የየሳምንቱ ወሬው ነው። መምህሩ ይህን ካላወቀ ከባዶ ይጀምራል።

አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ጠንከር አድርጌ ነው የምለው። የልጁን ኑሮ ማክበር ልጁን እዚያው ኑሮ ላይ ማሰር አይደለም። «የእረኛ ልጅ ስለሆነ ስለ በግ ይማር» ከተባለ ሐሳቡ ተበላሽቷል። በጉ መነሻው ነው። መድረሻው አልጀብራም፣ ሥነ ሕይወትም፣ የሩቅ አገር ታሪክም ሊሆን ይችላል። ደግሞም ከቤት የመጣ ሁሉ ጥሩ አይደለም። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀልም ከትውልድ ወደ ትውልድ የመጡ ናቸው፤ ልጅ ይጎዳሉ። ክፍል ውስጥ የቤት ዕውቀት ሲነሳ ይከበራል፤ ሲከበር ደግሞ ይጠየቃል። «ይህን እንዴት አወቃችሁ? የማይሠራበት ጊዜስ አለ?» መባል አለበት።

ወላጆች ይህን ሲሰሙ የሚያነሱት ስጋት ፈተና ነው። እውነታቸውን ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ከዚህ ጀርባ ብዙ ምክንያት አለ፤ የዕውቀት ጥሪት ብቻውን ያስተካክለዋል አልልም። ግን የሬሲፌው ልጅ 200 ብሎ የጻፈው ልምምድ ስላነሰው ብቻ አልነበረም። መልሱ ትርጉም ይስጥ አይስጥ መለስ ብሎ አላየውም። ያንን የማየት ልማድ ገበያ ላይ ነበረው። ወደ ወረቀቱ እንዲያመጣው የሚረዳው ሰው ነው የጠፋው።

በሰሜን ሸዋ ባለፉት ዓመታት በጦርነትና በግጭት ትምህርታቸው የተቋረጠ ልጆች ብዙ ናቸው። ሲመለሱ «ሁሉን ረስተዋል» ይባላል። ከመጽሐፉ ብዙ ረስተው ይሆናል። ግን በዚያ ጊዜ ነግደዋል፣ አርሰዋል፣ ታናናሾቻቸውን አሳድገዋል። እነሱን እንደ ባዶ ሰው መቀበል ግፍ ነው።

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከ50 በላይ ተማሪ ያለው መምህር ሁሉም ቤት ሊዞር አይችልም። በወሰነ ትምህርት ጥቂት ቤት ግን ይቻላል። በእኛ አገር መምህር ቤት ከመጣ ልጁ አጥፍቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ የመጣበትን ጉዳይ ገና በር ላይ መናገር ጥሩ ነው። «እማማ፣ ልጅዎ ደህና ነው፤ እኔ ነኝ ልጠይቅዎት የመጣሁት» ማለት ይበቃል። ቡና መፈላቱ አይቀርም። ቤት መሄድ ካልተቻለ ተማሪዎቹ አንድ ሳምንት ከክፍል ውጭ የሠሩትን ይጻፉ፤ ማን እንዳስተማራቸው፣ የሠሩት ነገር መድረሱን በምን እንደሚያውቁ ጭምር። መምህሩ ከዚያ ውስጥ አንዱን መርጦ ከቀጣዩ ምዕራፍ ጋር ያያይዘው።

መንዝ ያለ መምህር ደግሞ የጓሳ ጉዳይ አለለት። ጓሳው ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ የሣር ምድር ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለብዙ ትውልድ ጠብቆታል። ለዓመታት ዘግተውት፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ከፍተው ያጭዱ ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ በኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሟል። ስንት ዓመት ይዘጋ ነበር? ማን ይወስን ነበር? የተላለፈ ሰው ምን ይደርስበት ነበር? የአካባቢ ሳይንስ፣ የሥነ ዜጋና የታሪክ ትምህርት እዚህ አንድ ላይ ይገናኛሉ። ይህን የሚያስታውሱ አባቶች ዛሬም አሉ። አንዱን አባት ጋብዞ ወንበር መስጠትና ተማሪዎቹ ጥያቄያቸውን አስቀድመው ጽፈው እንዲጠብቋቸው ማድረግ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።