ብሉስካይ፦ አጀማመሩና አዳዲስ አገልግሎቶቹ

ብሉስካይ አጫጭር ጽሑፍ፣ ፎቶና ቪዲዮ የሚለጠፍበት ማኅበራዊ ሚዲያ ነው። ሐሳቡ የተጠነሰሰው ትዊተር ውስጥ ነው። የያኔው የትዊተር ኃላፊ ጃክ ዶርሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ማንም ኩባንያ ለብቻው የማያዝበትን የማኅበራዊ ሚዲያ ሥርዓት የሚነድፍ ትንሽ ቡድን እንደሚያቋቁሙ አስታወቁ። ቡድኑ ኋላ ራሱን የቻለ ድርጅት ሆኖ በጄይ ግሬበር መሪነት ሥራውን ቀጠለ። መተግበሪያው በ2023 በግብዣ ብቻ ይሠራ ነበር፤ ለሁሉም የተከፈተው በየካቲት 2024 ነው።

አካውንት ለመክፈት ኢሜይል፣ የይለፍ ቃል፣ የልደት ቀንና የተጠቃሚ ስም ያስፈልጋል። የራሱ ድረ ገጽ ያለው ሰው ወይም ተቋም የድረ ገጹን አድራሻ የተጠቃሚ ስሙ ማድረግ ይችላል። ለጋዜጠኛና ለዜና ተቋም ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በስሙ የሚነግድ አስመሳይ ያንን አድራሻ ሊይዝበት አይችልም። በሚያዝያ 2025 ደግሞ ሰማያዊ የማረጋገጫ ምልክት ተጨመረ።

አንድ ልጥፍ እስከ 300 ፊደል ይይዛል። በአማርኛ ለሚጽፍ ይህ ከሚመስለው በላይ ሰፊ ነው። «ሰላም» በግዕዝ ፊደል ሦስት ቦታ ብቻ ይወስዳል፤ በላቲን ሲጻፍ ግን አምስት ይፈጃል፣ አናባቢው ለብቻው ስለሚቆጠር። ስለዚህ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ እዚህ ኪሳራ ነው። ከመለጠፍ በፊት የልጥፉን ቋንቋ አማርኛ ብሎ መምረጥም አይዘንጋ፤ በቋንቋ ለይተው የሚያነቡ ሰዎች የሚያገኙት በዚያ ነው።

አዲስ ገቢን የሚያስቸግረው ባዶ ገጽ ነው። ለዚህ መፍትሔ ተብሎ በሰኔ 2024 የመጣው የማስጀመሪያ ጥቅል፣ አንድ ሰው መርጦ ያሰባሰባቸውን እስከ 150 አካውንቶች በአንድ ጊዜ ለመከተል ያስችላል። የብሉስካይ ዋና ብልጫ ግን ፊዶቹ፣ ማለትም ልጥፎች ተሰልፈው የሚነበቡባቸው ገጾች ናቸው። የሚከተሏቸው ሰዎች የጻፉት በጊዜ ቅደም ተከተል ይቀርባል። ከዚያ ውጭ ስለ ሥነ ፈለክ ብቻ፣ ስለ እግር ኳስ ብቻ የሚያሳዩ፣ ተጠቃሚዎች ራሳቸው የሠሯቸው ፊዶች አሉ። የሚያነበውን ኩባንያው ሳይሆን አንባቢው ይመርጣል፤ ለእኔ ከሌላው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

የግል መልእክት በግንቦት 2024፣ ቪዲዮ በመስከረም 2024 ተጨመሩ። የቪዲዮው ርዝመት መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ነበር፣ ኋላ ሦስት ሆነ። ከነሐሴ 2024 ወዲህ ደግሞ ሌላ ሰው ልጥፍዎን ጠቅሶ ሲሳለቅብዎ ልጥፍዎን ከእሱ ጽሑፍ ነጥለው ማውጣት ይችላሉ። ሰው እየተጠራራ በአንድ ግለሰብ ላይ የሚዘምትበትን ልማድ ያየ ሁሉ የዚህን ቁልፍ ዋጋ ያውቃል።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚለጥፉት ብቻ ሳይሆን «ወደድኩ» ያሉት ልጥፍና ያገዱት ሰውም ለሕዝብ የሚታይ መረጃ ነው። ማገዱ እንዲታይበት ለማይፈልግ ከማገድ ይልቅ ሰውየውን ዝም ማሰኘት፣ ማለትም ልጥፎቹ እንዳይታዩት ማድረግ ይመረጣል፤ ያንን ሌላ ሰው አያየውም።