ተቀጣሪ የዶክትሬት ተማሪ ማለት ምንድን ነው?

የፒኤችዲ ዕድል ሲፈለግ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው «ስኮላርሺፕ» የሚለው ቃል ላይ ነው። በሳይንስና በቴክኖሎጂ ዘርፍ ግን፣ በተለይ በሰሜንና በምዕራብ አውሮፓ፣ ብዙው ቦታ የሚወጣው በዩኒቨርሲቲው የቅጥር ገጽ ላይ ነው፤ ከሒሳብ ሠራተኛና ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ማስታወቂያ ጋር ተደርድሮ። የተቀጠረው ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ግብር ይቆረጥበታል፣ የዓመት ፈቃድ ይወጣል። ጥናቱን ከጨረሰ ደግሞ ዶክተር ይባላል።

ልዩነቱን ለመረዳት ገንዘቡ የማን እንደሆነ መጠየቅ ይበቃል። ስኮላርሺፕ ለሰው ይሰጣል፤ ተማሪው ብዙ ጊዜ የራሱን ፕሮፖዛል ይዞ ይወዳደራል፣ ካሸነፈ ገንዘቡ በስሙ ይመጣል። የቅጥሩ ገንዘብ ግን የፕሮጀክቱ ነው። አንድ ፕሮፌሰር ለባትሪ ምርምር ገንዘብ ሲፈቀድለት፣ በጀቱ ውስጥ ከመሣሪያውና ከኬሚካሉ ጎን የአንድ ወይም የሁለት ተመራማሪ ደመወዝ አስቀድሞ ተይዟል። ማስታወቂያው የሚወጣው ለዚያ ወንበር ሰው ለማግኘት ነው። የምርምሩ ጥያቄም ተማሪው ሳይመጣ ተጽፏል።

ብዙ ማመልከቻ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወዳለሁ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ለቀጣሪ ፕሮፌሰር ምንም አይነግረውም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው አመልካቹ በየትኛው መሣሪያ እንደሠራ፣ ምን ኮድ እንደጻፈ፣ ሙከራ ሲከሽፍበት ምን እንዳደረገ ነው።

የውሉ ዓይነት እንደ አገሩ ነው። በኔዘርላንድ በተለምዶ 4 ዓመት ነው። በስዊድን ጥናቱ 4 ዓመት ቢሆንም እስከ 20 በመቶ የሚደርስ የማስተማር ሥራ ሲታከልበት ወደ 5 ይሄዳል። በጀርመን ብዙዎቹ የሚቀጠሩት በመንግሥት የደመወዝ ስኬል 13ኛ እርከን ነው፤ ውሉ ግን ብዙ ጊዜ የሙሉ ሰዓት ሳይሆን የ50 ወይም የ75 በመቶ ነው። (ሥራው ሙሉ ቀን መሆኑን ማስታወቂያው አይጽፈውም።) ኢንጂነሪንግና ኮምፒውተር ሳይንስ ላይ ሙሉ ውል ይበዛል። አሜሪካ ሌላ መንገድ አላት፦ ተማሪው መጀመሪያ በትምህርት ክፍሉ ተቀባይነት ያገኛል፣ ከዚያ በምርምር ወይም በማስተማር ረዳትነት ይከፈለዋል።

በአውሮፓ ኅብረት የሚደገፉት የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የዶክትሬት ኔትወርኮች (በተለያዩ አገሮች ያሉ ተቋማት ተባብረው የዶክትሬት ተማሪ የሚቀጥሩባቸው ፕሮግራሞች) ለብቻቸው ሊታዩ ይገባል። ዜግነት አይመርጡም፤ የሚያዩት የኖሩበትን ቦታ ነው። ከቅጥሩ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ የሚቀጥረው ተቋም ባለበት አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ ወይም ዋና ሥራውን እዚያ ያደረገ ሰው አይቀጠርም። ስለዚህ ለማስተርስ ብሎ ቀድሞ እዚያው የገባ ተማሪ በሩ ሊዘጋበት ይችላል። የሚገርመው፣ ለጎረቤት አገሩ ቦታ ግን ያው ሰው ማመልከት ይችላል።

ቃለ መጠይቅ ላይ ሳያፍሩ የሚጠየቅ ነገር አለ፦ የፕሮጀክቱ ገንዘብ መቼ ያልቃል? ውሉ የ3 ዓመት ሆኖ በዚያ ቤተ ሙከራ ተማሪዎች የሚመረቁት በ4ኛው ወይም በ5ኛው ዓመት ከሆነ፣ የቀሪውን ጊዜ ደመወዝ ማን እንደሚሸፍን ከፊርማ በፊት መስማት ይሻላል። ቀጥተኛው መልስ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከፕሮፌሰሩ ሳይሆን እዚያው ካሉት ተማሪዎች ነው።