ቲንቲንን ያስተዋወቀችው የ1929 ማስታወቂያ

በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 4 ቀን 1929 ቤልጅየም ውስጥ ለ ፔቲ ቫንትዬም በሚባል የልጆች ጋዜጣ ላይ አንዲት አጭር ማስታወቂያ ወጣች። የምትለው ባጭሩ ይሄን ነው፤ አንባቢዎቻችንን ማስደሰትና ውጭ አገር ስላለው ነገር ማሳወቅ ሁሌም ደስ ይለናል፣ ስለዚህ ከጎበዝ ሪፖርተሮቻችን አንዱን ቲንቲንን ወደ ሶቭየት ሩሲያ ልከነዋል።

እኔ ይቺን ማስታወቂያ በጣም የምወዳት «ልከነዋል» በምትለው ቃል ነው፣ ምክንያቱም ቲንቲን የሚባል ሰው በእውን የለም፣ ገና ወረቀት ላይ የሚሳል የስዕል ታሪክ (ኮሚክ) ገጸ ባህሪ ነው፣ ግን ጋዜጣው ልክ ደሞዝ እንደሚከፍለው ሰራተኛ አድርጎ ነው የሚያወራው። ከ6 ቀን በኋላ ሐሙስ ጃንዋሪ 10 የመጀመሪያው ገጽ ሲወጣ ደግሞ ነገሩን ጭራሽ አጠነከሩት፣ እነዚህ ፎቶዎች በሙሉ እውነተኛ ናቸው፣ ቲንቲን ራሱ ነው ያነሳቸው፣ ውሻው ሚሉም አግዞታል ብለው ጻፉ። ስዕሉን እያየ ያለ ልጅ «ፎቶ ነው» ሲባል አስቡት!

ስዕሉን የሰራው ኤርዤ ያኔ 21 ዓመቱ ነው። የልጆቹ ጋዜጣ ኖቬምበር 1928 የተጀመረ ለ ቫንትዬም ሲዬክል የሚባል የብራስልስ ካቶሊክ ጋዜጣ የሐሙስ ተጨማሪ ነበር፣ ዋናው አዘጋጅ ቄስ ኖርበርት ዋሌ ደግሞ ሙሶሊኒን የሚያደንቅ ሰው ነው፣ ቲንቲን ሩሲያ የተላከውም ልጆቹ ኮሚኒዝምን እንዲጠሉ ተፈልጎ ነው። ኤርዤ ሩሲያን አይቷት አያውቅም፣ መረጃ ብሎ የያዘው ሩሲያ ውስጥ ባለችው ሮስቶቭ ከተማ የቤልጅየም ቆንስል የነበረ ሰው የጻፈውን መጽሐፍ ነው፣ በኋላም ራሱ ይሄን ስራ የወጣትነት ጥፋቴ ብሎታል። ስለዚህ ማስታወቂያዋ «ስለ ውጭ አገር እናሳውቃችሁ» ስትል እውነት ለመናገር ልጆቹን አታልላለች፣ ይሄ ቅር ይለኛል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ዛሬ ቲንቲን ስንል መጀመሪያ የሚታየን ያ ወደ ላይ የቆመ ፀጉሩ ነው አይደል? በመጀመሪያዎቹ ገጾች ግን ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ተኝቷል፣ የቆመው ክፍት መኪና ይዞ በፍጥነት ሲያመልጥ ንፋስ መትቶት ነው፣ ከዛ በኋላ አልወረደም።

ማስታወቂያዋ የጀመረችው ጨዋታ በዛው አላበቃም። ኤፕሪል 1 ቀን 1930 የሶቭየት ምስጢር ፖሊስ ጽፎልናል ብለው ጋዜጣውን የሚያስፈራራ የውሸት ደብዳቤ አተሙ። ከዛ ታሪኩ ሜይ 8 ሲያልቅ ቲንቲን በባቡር እየመጣ ነው፣ ብራስልስ ባለው ጋር ዱ ኖር ጣቢያ ጠብቁት ብለው አስነገሩ፣ አንድ የ15 ዓመት ልጅ የሩሲያ ልብስ አልብሰው ቲንቲን ነው ብለው ከኤርዤ ጋር አወረዱት። እነሱ ጥቂት ልጅ ይመጣል ብለው ነበር፣ ጣቢያው ግን በሰው ተጥለቀለቀ። ማስታወቂያዋ ከወጣች 16 ወር ሆኗታል፣ ልጆቹ ግን «የኛ ሪፖርተር» የተባለውን ሊቀበሉ ነው የመጡት።

በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛው ታሪኩ አልቆ ቲንቲን ከኮንጎ ተመለሰ ሲባልም ያንኑ አቀባበል ደገሙት፣ ያኔ ደግሞ እንስሳት ጭምር ተከራይተው።