ሪጽፋ ከዓለቱ አልወረደችም

2ኛ ሳሙኤል 21ን ብዙዎቻችን ቶሎ እናልፈዋለን። ይከብዳል። ሳኦል የገባዖንን ሰዎች ስለ ገደለ፣ ከቤቱ ሰባት ወንዶች ለእነሱ ተሰጡ፤ በተራራ ላይ ተሰቀሉ። አሳልፎ የሰጣቸው ዳዊት ራሱ ነው። የሚቀብራቸው ጠፋ። የሳኦል ቁባት የነበረችው ሪጽፋ ግን ማቅ ይዛ ወጣች፤ ዓለት ላይ አነጠፈችው። ከመከር መጀመሪያ እስከ ዝናብ ድረስ ቀን አሞራውን፣ ሌሊት አውሬውን ስታባርር ከረመች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከሰባቱ መካከል የሪጽፋ ልጆች ሁለቱ ብቻ ናቸው። አምስቱን የወለደቻቸው ሌላ ሴት ነች። አሞራውን ያባረረችው ግን ከሁሉም ነው።

ይህን ሳነብ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ትዝ ትለኛለች። እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ሰው አራት የነባር ሕዝቦች ሴቶችን ገደለ። የሁለቱ አስከሬን ከከተማው በስተሰሜን ባለ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንዳለ ፖሊስ ያምን ነበር። ሁለቱም የልጆች እናት ናቸው። ፖሊስ ግን ፍለጋው አይቻልም አለ። በ2023 የክፍለ ሀገሩ መንግሥትም አደገኛ ነው ብሎ ገንዘብ ከለከለ። ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው ድንኳን ተክለው፣ የተገደሉትና የጠፉት ሴቶች ምልክት የሆነውን ቀይ ቀሚስ ሰቅለው ተቀመጡ። ቆሼ በተናደ ጊዜ አስከሬን እስኪወጣ ቆመው የጠበቁትን ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። በመጨረሻ መንግሥት ተቀየረ፤ ቁፋሮው ተጀመረ። በ2025 የሁለቱም አስከሬን ተገኘ። ይቻል ነበር ማለት ነው።

እነሱ ብቻ አይደሉም። የካናዳ ፌዴራል ፖሊስ ከ1980 እስከ 2012 የተገደሉና የጠፉ 1,181 የነባር ሕዝቦች ሴቶችን መዝግቧል። ከእነዚህ 1,017ቱ የተገደሉ ናቸው። በ2019 የወጣው የአገር አቀፍ አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት ድርጊቱን የዘር ማጥፋት ብሎታል።

ወገኖቼ፣ እኛን አማኞችን የሚያሳፍር ነገርም አለ። የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከእናቶቻቸው ጉያ ነጥቆ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባው የካናዳ መንግሥት ነው፤ ትምህርት ቤቶቹን ካስተዳደሩት መካከል ግን ዋናዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። እዚያ ልጆች ተደበደቡ፣ ተደፈሩ፣ ቋንቋቸውን ተነጠቁ። ቁስሉ ለልጅ ልጅ ተረፈ። አጣሪ ኮሚሽኑም የዛሬውን ግፍ ሥር ሲፈልግ እዚያ ደርሷል። የሮማው ጳጳስ ፍራንሲስ በ2022 ካናዳ፣ አልበርታ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል። ስለዚህ ይህ የሰው አገር ወሬ ነው ብለን ማለፍ አንችልም፤ በጌታ ስም የተሠራ ነው።

ዳዊት ሪጽፋ ያደረገችውን ሰማ። ተነሣና አጥንቶቹን አስለቀመ፤ ተቀበሩ። ከዚህ ሁሉ በፊት በምድሪቱ ሦስት ዓመት ረሃብ ነበር። እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ የተለመነውን የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ጸሎቱ የተሰማው እነዚያ ሬሳዎች ሜዳ ላይ ሳሉ አይደለም፤ ይህ ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል።

እኛ ሀበሾች ለቅሶ መድረስ እናውቅበታለን። ሬሳ ሳይወጣ እህል አንቀምስም። በካናዳ ያላችሁ፣ ሜይ 5 የቀይ ቀሚስ ቀን ነው። በየዛፉ ባዶ ቀይ ቀሚስ ይሰቀላል፤ የሚለብሱት ስለሌሉ። ሂዱና ልጆቻቸውን ካጡት እናቶች ጋር ቁሙ። ብዙ መናገር አያስፈልግም። ለዚያ ቀን በሚቀርበው እሑድ በምልጃ ሰዓታችንም እናስባቸው።