«ማሽኑ ብሏል» አይበቃም፦ ስለ እንስሳት የደም ምርመራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድመቷ ጤነኛ ናት። ትበላለች፣ ትጫወታለች። ለማምከን ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞላት ስለነበር ደሟ አስቀድሞ ተመረመረ። ማሽኑ ያወጣው ወረቀት ፕሌትሌቷን (ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ጥቃቅን ሴል) በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 31,000 ይላል። የጤነኛ ድመት ብዙውን ጊዜ ከ200,000 ይበልጣል። ቀዶ ጥገናው ይቅር ተባለ። ባለቤቷ «ደሟ አይረጋም» ተብላ ስትደነግጥ አየሁ። ከዚያው ቲዩብ ስላይድ (መስታወት ላይ በስሱ የተቀባ ደም) ሠርቼ ጫፉን ተመለከትኩ። ፕሌትሌቶቹ እንደ ወይን ዘለላ ተያይዘው፣ ሃያም ሠላሳም እየሆኑ ተከማችተዋል። ማሽኑ ሳይቆጥር ያለፈው እነሱን ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በየጊዜው ያጋጥማል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ብዙዎቻችን ከሰው ደም ወይም ከአንድ ዓይነት እንስሳ የለመድነውን ይዘን ወደ ሌላው ስለምንሄድ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ማሽኑ ከቆጠረ ስላይድ ማየት ትርፍ ሥራ ነው»

ብዙዎቹ የደም መቁጠሪያ ማሽኖች ሴልን የሚለዩት በዋናነት በመጠኑ ነው። ትንሽ ከሆነ ፕሌትሌት፣ ተለቅ ካለ ቀይ የደም ሴል ይሉታል። ለሰው ደም ይህ ጥሩ ይሠራል። የድመት ፕሌትሌት ግን ትልቅ ነው፤ አንዳንዱ የራሷን ቀይ ሴል ያክላል። ስለዚህ ማሽኑ ቀይ ሴል ብሎ ይቆጥረዋል። ከተያያዘ ደግሞ ነጭ ሴል ሊለው ይችላል።

ፍየል ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የፍየል ቀይ ሴል ከ3 እስከ 4 ማይክሮን ብቻ ነው፤ የውሻ 7 ገደማ ይደርሳል። ለሰው ደም የተስተካከለ ማሽን ይህን ጥቃቅን ሴል ሳያየው ያልፋል፣ ወይም ፕሌትሌት ይለዋል። ደም ያላነሳት ፍየል በወረቀት ላይ ደም ያነሳት ትሆናለች ማለት ነው። ወፎችና ተሳቢ እንስሳት ደግሞ ቀይ ሴላቸውም ኒውክለስ አለው፤ በፕሌትሌት ቦታ የሚሠራው ትሮምቦሳይትም እንደዚያው። ማሽኑ እነዚህን ከነጭ ሴል መለየት ያቅተዋል። የእነሱ ነጭ ሴል በእጅ ነው የሚቆጠረው።

ፕሌትሌትን በስላይድ መገመት ከባድ አይደለም። መጀመሪያ የስላይዱን ላባ መሰል ጫፍ በዝቅተኛ ሌንስ አይቶ ክምችት አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። ከዚያ ሴሎቹ ነጠላ ነጠላ ወደተዘረጉበት ቦታ ገብቶ፣ በዘይት በሚሠራው 100 ሌንስ በ10 ፊልድ (በሌንሱ ባንዴ የሚታይ ቦታ) ያሉትን ፕሌትሌቶች መቁጠር። አማካዩን በ15,000 ማባዛት። 12 ከመጣ ወደ 180,000 ገደማ ነው። ጫፉ ላይ ክምችት ካለ ግን ያገኘነው ቁጥር ዝቅተኛው ነው እንጂ ትክክለኛው አይደለም። ድመቷ ላይ ያደረግነውም ይህንኑ ነበር። ክምችት ስላለ በጥሩ ደም ሥር፣ ባንድ ጊዜ ውጋት፣ በፍጥነት እንደገና ተቀዳላት።

ሌላም ፈጣን ማጣሪያ አለ። ኤምሲኤችሲ (በቀይ ሴሎቹ ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን ክምችት) ከመደበኛው በጣም ከፍ ካለ ሴሉ ሄሞግሎቢን በዝቶበት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ወይ ቀይ ሴሎች ፈርሰዋል፣ ወይ ፕላዝማው በስብ ደፍርሷል። የፕላዝማውን ቀለም በዓይን ማየት ነው መልሱ።

«ደም ደም ነው፣ በየትኛውም ቲዩብ ይቀዳ»

ሐምራዊ ክዳን ያለው የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ቲዩብ ለአብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ትክክለኛው ነው። ግን መስመሩ ድረስ መሞላት አለበት። ለ2 ሚሊ ሊትር በተዘጋጀ ቲዩብ ግማሽ ሚሊ ሊትር ብቻ ከገባ ኢዲቲኤው ይበዛል፤ ቀይ ሴሎቹ ይኮማተራሉ፣ ፒሲቪው (ቀይ ሴል ከደሙ የያዘው ድርሻ) ከእውነተኛው ያንሳል። ከመስመሩ ካለፈ ደግሞ ይረጋል። የአንዳንድ ተሳቢዎችንና ወፎችን ቀይ ሴል ኢዲቲኤ ራሱ ያፈርሰዋል፤ ለእነሱ ሄፓሪን የተባለው ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ይሻላል። ሄፓሪንም ችግር አለው፤ ስላይዱን ሰማያዊ መደብ ያለብሰዋል። ስለዚህ ስላይዱን ገና ምንም ካልነካው ደም፣ ከሲሪንጁ እንደወጣ መሥራት ነው።

ስላይድ ወዲያው ይሠራ የምለው ለሁሉም እንስሳ ነው። ቲዩብ ውስጥ ሰዓታት የቆየ ደም ኒውትሮፊሉ (ጀርም የሚዋጋ የነጭ ሴል ዓይነት) አረፋ ያወጣል፤ በከባድ ኢንፌክሽን ጊዜ ከሚታየው ለውጥ ጋር ይመሳሰላል። ቲዩቡ ፍሪጅ ይግባ፣ ስላይዱ ግን አይግባ። ሲወጣ ጤዛ ይይዝና ሴሎቹ ይፈነዳሉ። ፎርማሊን ያለበት ዕቃም አጠገቡ አይቀመጥ። ትነቱ ብቻውን ማቅለሚያውን ያበላሸዋል።

«ስላይድ ከሆነ የትም ቦታ ቢታይ አንድ ነው»

አይደለም። ጫፉ ላይ ቀይ ሴል ሁሉ ተዘርግቶ የመሃሉ ንጣት ይጠፋል። እዚያ ቦታ የተመለከተ ሰው የማንኛውንም ጤነኛ ውሻ ደም በስፌሮሳይት (መሃሉ ያልነጣ፣ ድቡልቡል ቀይ ሴል) የተሞላ ሊለው ይችላል። ከዚያ «ሰውነቱ የራሱን ደም እየበላ ነው» ወደሚል ድምዳሜ አንድ እርምጃ ነው፤ ውሻው ያለ በቂ ምክንያት ስቴሮይድ ይጀምራል። ወፍራሙ ቦታ ላይ ደግሞ ሁሉም ተደራርቦ ምንም አይለይም። የሚታየው በሁለቱ መካከል ያለው ቀጭን ቦታ ነው። ለነገሩ የድመት፣ የፈረስና የከብት ቀይ ሴል ከመጀመሪያውም መሃሉ ብዙ የነጣ አይደለም። ስለዚህ ስፌሮሳይትን በእርግጠኝነት የምንለየው በውሻ ነው።

እንደ ሳንቲም ድርድር የተደረደሩ ቀይ ሴሎችም ያስደነግጣሉ። በፈረስ ይህ የተለመደ ነው፣ በድመትም ይታያል። መደርደር ይሁን መጣበቅ ካጠራጠረ አንድ ጠብታ ደም ላይ ሳላይን ጨምሮ ማየት ነው። ድርድሩ ይበተናል፤ በአንቲቦዲ የተጣበቀው ግን እንደተያያዘ ይቀራል።

«ወጣት ቀይ ሴል ካልታየ መቅኔው ሥራ አቁሟል»

ውሻ ዛሬ ብዙ ደም ቢፈስሰው ነገ ሬቲኩሎሳይት (ወጣት ቀይ ሴል) አንጠብቅም። መቅኔው ምላሹን ለማሳየት ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፒሲቪው ራሱ ላይወርድ ይችላል፤ ሴልም ፕላዝማም እኩል ነው የፈሰሰው።

ፈረስ ደግሞ ሌላ ነው። ወጣት ቀይ ሴሎቹን መቅኔው ውስጥ ያሳድጋል፣ ወደ ደም አይለቅም ማለት ይቻላል። መቅኔው ሌት ተቀን እየሠራም ስላይዱ ባዶ ይሆናል። በፈረስ የሚሻለው ፒሲቪን በየጥቂት ቀኑ ደጋግሞ መለካት ነው። ሲለካ ፈረሱ መረጋጋት አለበት፤ ከደነገጠ ወይም ከሮጠ ጣፊያው ተኮማትሮ ያከማቸውን ቀይ ሴል ይለቅና ቁጥሩ ከፍ ይላል።

«ነጭ ሴል ካልጨመረ ኢንፌክሽን የለም»

ይሄኛው የሚያሳስበኝ ነው፤ የሚሞት እንስሳ «ደህና ነው» እንዲባል ያደርጋል። የከብት መቅኔ ያከማቸው ኒውትሮፊል ጥቂት ነው። ከባድ የጡት ብግነት የያዛት ላም በመጀመሪያው ቀን ያለው ኒውትሮፊል ሁሉ ወደ ጡቷ ይሄድና ደሟ ውስጥ ያለው ይቀንሳል። ጠቅላላው ቁጥር ዝቅተኛ ወይም ኖርማል ሆኖ ላሟ ግን ልትወድቅ ነው። ስላይዱ ላይ ገና ያልበሰሉ፣ ኒውክለሳቸው ዘንግ የመሰለ ኒውትሮፊሎች ከታዩ፣ ሳይቶፕላዝማቸውም ሰማያዊ ከሆነ፣ ወረቀቱ ያላለውን ስላይዱ ተናግሯል።

ተቃራኒውም አለ። ድመት በፍርሃት ብቻ፣ አንድም ጀርም ሳይኖርባት፣ ነጭ ሴሏ ይጨምራል።

በፐርሰንት ማንበብም ያሳስታል። «ኒውትሮፊል 90%» ሲባል ብዙ ይመስላል። ጠቅላላ ነጭ ሴሉ 2,000 ከሆነ ግን ኒውትሮፊሉ 1,800 ነው፤ ለውሻ ይህ እጥረት ነው። ፐርሰንቱን በጠቅላላው አባዝቶ ቁጥሩን ማየት ነው።

«ከኖርማል ሬንጅ የወጣ ሁሉ ታሟል»

ሬንጁ የሚሠራው ከጤነኞቹ 95% የሚሆኑትን እንዲይዝ ተደርጎ ነው። ከ20 ጤነኛ አንዱ ይወጣል። ዝርያም ይወስናል፦ የግሬይሀውንድ ፒሲቪ ከሌላው ውሻ ከፍ፣ ፕሌትሌቱ ዝቅ ይላል። ካቫሊየር ኪንግ ቻርለስ ስፓኒየል በዘር በሚወረስ ምክንያት ጥቂት፣ ግን ትልልቅ ፕሌትሌት ይዞ ሳይደማ ይኖራል።

«ተህዋሲው ካልታየ የለም፣ ነጥብ ከታየ ተህዋሲ ነው»

ሁለቱም ስህተት ናቸው። ገንዲ የያዘው ከብት ደሙ ውስጥ በሽታውን የሚያመጣው ተህዋሲ፣ ትሪፓኖሶማ፣ ጥቂት ሊሆን ይችላል። በተራ ስላይድ ያጣነውን በቀጭኗ የፒሲቪ ቲዩብ አሽከርክረን፣ ነጭ ሴሎቹ የሚከማቹበት ወሰን ላይ ሲንቀሳቀስ እናገኘዋለን። የድመት ሄሞፕላዝማ (ቀይ ሴል ላይ የሚጣበቅ ባክቴሪያ) ደግሞ ኢዲቲኤ ውስጥ ሲቆይ ከቀይ ሴሉ ላይ ይላቀቃል። አንድ ቀን ታይቶ በሌላው ቀን የሚጠፋበት ጊዜም አለ።

ነጥቦቹን በተመለከተ፦ በከብት ቀይ ሴል ጠርዝ ላይ ያለች ጥቁር ነጥብ አናፕላዝማ (ቀይ ሴል ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ) ልትሆን ትችላለች፣ የኒውክለስ ቅሪትም ልትሆን ትችላለች። ቅሪቱ ብዙውን ጊዜ ፍጹም ክብና ለስላሳ ነው፤ በአብዛኛው በሴል አንድ ብቻ ናት፣ ሴሎቹም በብዛት የላቸውም። ቀይ ሴል ላይ ያረፈ ፕሌትሌት ባቤዥያ የተባለውን የቀይ ሴል ተህዋሲ ይመስላል፤ ዙሪያውን ግን ነጣ ያለ ቀለበት አለው። የማቅለሚያ ዝቃጭ ደግሞ ፎከስ ሲነካካ ከሴሉ በላይ ሆኖ ይጠራል፣ ከሴሎቹ ውጭም ተበትኖ ይገኛል። አሁንም ካጠራጠረ ማቅለሚያውን አጣርቶ፣ ከጆሮ ጫፍ በላንሴት በተገኘ አዲስ ጠብታ ሌላ ስላይድ መሥራት ነው። ባቤዥያ ከሆነ በዚህ የጥቃቅን ደም ሥር ደም ውስጥ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ይላል።